እማሆይ ገላነሽ ሐዲስና የጎጃም ቅኔ ቤት



መሐንዲስ አንድን ሥራ ሲመረምር አስቀድሞ የሚጠይቀው ከምን እንደ ተሠራና ሸክሙ በምን ላይ እንዳረፈ ነው። የጎጃምን ቅኔ ቤት በዚህ መንገድ የሚመረምር ሰው ሸክሙ ሁሉ በጆሮና በሕሊና ላይ እንዳረፈ ያገኛል፤ ብራናና ቀለም ከኋላ የሚመጡ ናቸው።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም በጽላሎ፥ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ዘንድ ተምረው፥ በኋላም በአባታቸው ወንበር ተተክተው ጉባኤ ያስተማሩ ባለቅኔ ናቸው። የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በልጅነታቸው ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው በዓይነ ሥውርነታቸው ነው፤ የቅኔ ቤቱን አሠራር ለሚያውቅ ግን ትልቁ እንቅፋት እርሱ አልነበረም።

ተማሪው ሌሊት ግሱን በቃሉ ያወርዳል። ቀን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ቅኔውን ይቆጥራል። ጀማሪው 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ 5ቱ ቤት ዋዜማ፥ ወደ 6ቱ ቤት ሥላሴ፥ ከዚያም ወደ 8ቱ ቤት መወድስ ይዘልቃል። ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ልኩም በዜማ ይሰፈራል፤ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ብትረዝም ዜማው ይሰበራል። ለነገራ ሲቀርብም መምህሩ ወይም አስነጋሪው ሰምቶ ግሱ የት ላይ እንደ ሳተ፥ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንደ ተላቀቀ ነግሮ ያርመዋል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ራሱ ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፥ በጭቃ ይለብጠዋል፥ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በቦታው ወርቁን ይጨምራል። የቀለጠ ብረት ሲፈስ ያየ የዚህ ጉባኤ አባል ስያሜው ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ይፈርዳል። ይህን ሁሉ ሥራ ዓይነ ሥውር መምህር ያለ አንዳች ጉድለት ሊሠራው ይችላል።

እንቅፋቱ ሴትነት ነበር። ሌላው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ እየለመነ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል፤ ዋሸራም ጎንጅም ዲማም ለእግሩ ክፍት ናቸው። ለሴት ልጅ ያ ጎዳና ዝግ ነበር። ለገላነሽ መምህሩ በቤት ተገኘ። ስለ እርሳቸው የሚነገረው ውዳሴ ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳል፤ አባቷ መምህር ያልሆነ፥ ተሰጥዎ ያላት ልጅ በዚያ ዘመን ወዴት ትሄድ ነበር?

ከዚህም የሚከብድ አለ። ቅኔ ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው በማኅሌት፥ ስሕተትን በሚያውቁ ሊቃውንት ፊት በዜማ ሲባል ነው። ማኅሌት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የወንዶች አገልግሎት ነው። እማሆይ ገላነሽ የሌሎችን አንደበት ለዚያ ስፍራ ሲያዘጋጁ ኖሩ፤ እርሳቸው ግን መቋሚያ ይዘው ከሊቃውንቱ መካከል የሚቆሙበት ስፍራ አልነበራቸውም።

በቅኔ ቤት ልማድ አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተደግሞ አይቀርብም። መምህሩ ለጉባኤው ዘወትር አዲስ ይዘርፋል፤ ተማሪው ተቀብሎ ይፈታዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ስለዚህ አብዛኛው የመምህር ሥራ ይበተናል፤ ጥቂቱ «የእገሌ ነው» እየተባለ በቃል ይወርዳል። ከዚያው ከጎጃም የተነሡት ዮፍታሔ ንጉሤ በተውኔቶቻቸው፥ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው፥ የቅኔ ተማሪውን በዛብህን በሳሉበት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወረቀት ላይ ቀርተዋል። እማሆይ ገላነሽ የቀሩት በሰው ላይ ነው። ቅኔ ተምሮ ጉባኤ የዘረጋ መምህር ከማን ወንበር እንደ ተቀኘ ይጠየቃል፤ መልሱም ከመምህር ወደ መምህር የሚያያዝ የስም ሰንሰለት ነው። ከጽላሎ የወጡት፥ በወንዶቹ ስም መካከል፥ የገላነሽን ስም ይጠሩ ነበር።