የዘር አዋጅና የመምህር አደራ

(በደብረ ሲና ለመምህራን ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማበር ሲደርስ ተራራውን ሰንጥቆ ወደሚያልፈው ዋሻ ይገባል። ከዋሻው ሲወጣም ደብረ ሲናን ከገደሉ ሥር፣ ከዚያም ወዲያ የሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ ይመለከታል። ይህ ዋሻ የተቈፈረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜም የተሰየመው በሙሶሊኒ ስም ነበር። ስሙ ከወራሪው ጋር ጠፍቶ ዋሻው የጣርማበር ዋሻ ሆኖ ቀርቷል። «መንገድስ ሠርተዋል» የሚለው አነጋገር ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል። ያ መንግሥት ከመንገዱ ጋር አያይዞ የሠራው ሌላ ሥራ እንደ ነበረ ማስታወስ የታሪክ መምህር ግዴታ ነው። ያም ሥራ ሰውን በዘሩ የሚለይ ሕግ ነበር።

የኢጣልያ ፋሽስቶች አይሁድን ያሳደዱበት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከአውሮፓ ተጀምሮ ነው። ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል ለሚመረምር ግን የመንገዱ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ምድር ይታያል። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው የኢጣልያ አዋጅ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ከአገሬው ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ፍቅርና ትዳር ወንጀል ሆኑ፤ «የዘር ክብር» የሚለው ቃልም የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ቋንቋ በሮምና በፍሎረንስ ከተሞች በአይሁድ ላይ ዞረ። ለዚህ ከጀርመን ጋር የተደረገው ወዳጅነት አንዱ ምክንያት ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ አርቃቂው፣ ጋዜጠኛውና ጸሐፊው እጃቸውን አስቀድመው የፈቱት በቅኝ ግዛት ነበር።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 የምሁራን ስም የተጻፈበት መግለጫ ወጥቶ አይሁድ ከኢጣልያ ዘር አይደሉም አለ። በነሐሴ ወር በኢጣልያ የሚኖሩ አይሁድ በልዩ ቈጠራ ተመዘገቡ። መስከረም 5 ቀን የወጣው አዋጅ ደግሞ አይሁድ የሆኑ መምህራንንና ተማሪዎችን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስወጣ። ጋብቻን፣ የመንግሥት ሥራን፣ ውትድርናንና ንብረትን የሚከለክለውና የሚገድበው ሰፊ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኅዳር 17 ቀን ነው። መምህራን ይህን ቅደም ተከተል ልብ ሊሉት ይገባል፤ መጀመሪያ መዝገቡ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ በር፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ ተከተለ።

የሁለቱን አገሮች ታሪክ በአንድ ክር የሚያገናኝ አንድ ትምህርት ቤት አለ። በፍሎረንስ የነበረው የአይሁድ ሊቃውንት ኮሌጅ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከጎንደር አገር የሄደውን ወጣት ቤተ እስራኤላዊ ታምራት አማኑኤልን ተቀብሎ አስተምሯል። ታምራትን ወደ አውሮፓ የወሰደው ዣክ ፋይትሎቪች ነበር። ታምራት ወደ አገሩ ተመልሶ በ1920ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በአዲስ አበባ በተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት አለቃና መምህር ሆነ። ወረራው ሲመጣ ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነና ሦስት ቀን ሙሉ ደም በከተማይቱ ፈሰሰ። በዚያው ዘመን ታምራት ተሰድዶ ግብፅን አልፎ ኢየሩሳሌም ደረሰ፤ አገሩን መልሶ ያየው በ1933 ዓ.ም. ከነጻነት ጋር ነው።

በዚያው በፍሎረንስ ኮሌጅ የተማረውና ያስተማረው ኡምቤርቶ ካሱቶ በሮም ዩኒቨርሲቲ የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር ነበር። የ1938ቱ ሕግ ከወንበሩ አስነሥቶ እርሱንም ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደው። የፍሎረንስ ረቢ የሆነው ልጁ ናታን ካሱቶ ግን እ.ኤ.አ. በ1943 ተይዞ ወደ ናዚ ማጎሪያ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ አንዱ ኢጣልያዊ፣ ከአንድ ኮሌጅ የወጡ ሁለት መምህራን በአንድ መንግሥት እጅ ከሥራቸውና ከአገራቸው ተነቀሉ።

በኢትዮጵያ የፋሽስቱ ቍጣ ሃይማኖት አልመረጠም። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሊከበር ወደ ደብረ ሊባኖስ የመጡ መነኮሳትና ምእመናን ተከበቡ፤ ግራዚያኒም በጄኔራል ማሌቲ እጅ አስፈጃቸው። ግራዚያኒ በቴሌግራሙ 297 መነኮሳት መገደላቸውን አስታወቀ። ቆየት ብሎ የተደረገው ጥናት የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በመጀመሪያው ቀን የተረፉት ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ከጥቂት ቀን በኋላ በእንግጫ ተረሸኑ። ግራዚያኒ የእነርሱን ቍጥር 129 ብሎ መዘገበ። እነዚህ ዲያቆናት የመሣሪያ ሰዎች አልነበሩም፤ መጽሐፍ ይዘው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። የተረሸኑበትም ስፍራ ከደብረ ሲና የአንድ ቀን ጕዞ እንኳ አይርቅም።

ግራዚያኒ ከኢትዮጵያ ከሄደ በኋላ ሥራው አላበቃም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 ሙሶሊኒ በጀርመን ጥበቃ በሰሜን ኢጣልያ ባቋቋመው መንግሥት የጦር ሚኒስትር ሆነ። ይህ መንግሥት በኅዳር ወር አይሁድን ባዕዳንና የጠላት ወገን ብሎ ፈረጀ፤ በኅዳር መጨረሻም ፖሊሱ ሁሉንም እየያዘ ወደ ማጎሪያ እንዲያስገባ አዘዘ። አስቀድሞ ጥቅምት 16 ቀን ጀርመኖች በሮም ከተማ ከያዟቸው አይሁድ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ወደ አውሽዊትዝ ተጭነው ነበር፤ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። በ1938 ለጽሕፈት ቤት ሥራ ተብሎ የተደረገው ቈጠራ በ1943 የሰው ማደኛ ሆኖ አገለገለ። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በኢጣልያ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም የተፈረደበት ለጀርመን በማገልገሉ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ተፈታ። ስለ ደብረ ሊባኖስና ስለ አዲስ አበባ ደም አንድም ፍርድ ቤት አልጠየቀውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፊሌ መንደር መታሰቢያ እስከ መሠራት ደረሰለት።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህ ታሪክ ሲነገር ጣትን ወደ ሮምና ወደ በርሊን ብቻ ማመልከት ይቀላል። ፍትሐዊ ትምህርት ግን የራስን ቤትም ይፈትሻል። ፋሽስት ከመምጣቱ አስቀድሞም ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍጓቸው በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። እጃቸው የሠራውን ማረሻና ድስት የሚገዛ ሰው መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በሰሜን ሸዋም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ» ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። ይህ ልማድ ከፋሽስት አዋጅ ጋር አንድ አይደለም፤ በፖሊስና በባቡር አልታገዘም። ነገር ግን አዋጅ ባዶ ሜዳ ላይ አይበቅልም። በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት በተረትና በስድብ የለሰለሰ መሬት ነበረ፤ ሕጉ ዘሩን የዘራው በዚያ ላይ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመምህር ሩቅ አይደለም። በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሌላውን በወላጆቹ ሙያ ወይም በትውልዱ ሲሰድብ የሚሰማ መምህር ዝም ካለ ተማሪዎቹ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ይቈጥሩታል። የተማሪ መዝገብ በእጁ ያለ መምህርም ስለ ልጁ የሚጠየቀው ነገር ለልጁ ትምህርት የሚጠቅም መሆኑን ሳያውቅ ሊጽፍ አይገባውም። በ1938 በኢጣልያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለይተው ስም ዝርዝር ያቀረቡት ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም፤ እንደ ማንኛውም መምህርና ጸሐፊ የታዘዙትን የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹም የባልንጀራቸውን ባዶ ወንበር ወዲያውኑ ወረሱ።

ስለዚህ የየካቲት 12 መታሰቢያ በየትምህርት ቤቱ ሲከበር የደብረ ሊባኖስ ዲያቆናትና የሮም አይሁድ ልጆች አብረው ቢታሰቡ መልካም ነው። የታምራት አማኑኤል ስምም ከአገሪቱ የቀድሞ መምህራን ስም ጋር ሊጠራ ይገባዋል። በጣርማበር ዋሻ በየቀኑ የሚያልፉት የደብረ ሲና ተማሪዎችም መንገዱን ማን እንዳሠራው ብቻ ሳይሆን፣ ያሠራው መንግሥት በዚያው ዘመን ስንት የትምህርት ቤት በር እንደዘጋ ከመምህራቸው አፍ ሊሰሙ ይገባል።