ጤና አዳምን ስንተክል
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተሰጠ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናገርለት ተክል ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከማጂ ደጋ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ድረስ ቡና በሚፈላበት ቤት ጤና አዳም ይታወቃል። ቀንበጡ በስኒ ውስጥ ይነከራል፤ ፍሬው ለበርበሬ ቅመም ይሆናል፤ ከቡና ቅጠል በሚፈላው ጨሞም ይጨመራል። ሆድ ሲቆርጥም ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት እርሱን ነው። ይሁን እንጂ በጓሯችን ተክለነው ክረምቱን ሳይዘልቅ የጠፋብን ጥቂቶች አይደለንም።

ተክሉ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ነው። የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው። በአካባቢያችን በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ኮረሪማ በዛፍ ጥላ ሥር ይመቸዋል፤ ጤና አዳም ግን ፀሐይና ውኃ የማያቁር መሬት ይሻል። ስለዚህ መደቡን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን፣ ከቡናው ጥላ አርቀን እናዘጋጅ። ከጤናማ ተክል 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀንበጥ ቆርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ከጠራራ ፀሐይ ተከልሎ ይቆይ። ከዚያም በመካከላቸው ግማሽ ሜትር እየተውን እናዛውር። ፍሬው ከተሰበሰበ በኋላ ጫፉን እንከርክም፤ ቅጠል የሌለውን አሮጌ ግንድ ግን አንንካ። ግንዱ አርጅቶ ሲደርቅ ከራሱ ቀንበጥ አዲስ እንተካለታለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። ጤና አዳም ማሕፀንን የማኮማተር ኃይል አለው፤ ፅንስንም ሊያስወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት በቡናም ሆነ በጨሞ ልትወስደው አይገባም። አብዝቶ ተፈልቶ የሚጠጣውም ለማንኛውም ሰው ጉበትና ኩላሊት አደገኛ ነው። ሕፃን ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንጂ ጭማቂውን ማጠጣት አይገባም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ውኃም ይቋጥራል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ እጀ ረጅም ልብስ ለብሰን እንቁረጥ፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ።

ይህን ተክል ቅዱስ ወንጌልም ያነሣዋል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 42 ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ከጤና አዳም ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና የእግዚአብሔርን ፍቅር ቸል በማለታቸው ነው። እኛም መደቡን አሳምረን፣ ቀንበጡን ለጎረቤት አድለን፣ ለነፍሰ ጡሯ እኅታችን ግን አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል ብንነፍግ ያው ተግሣጽ ያገኘናል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ አንድ የእናት ተክል መደብ ያዘጋጅ፤ ከእርሱም ለምእመናን ቀንበጥ ያድል። ቀንበጡ በተሰጠ ቁጥር ማስጠንቀቂያው አብሮ ይነገር። ካህናት አባቶችም የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ስትጎበኙ ይህን አደራ አትርሱ፤ እናቶች በማኅበር ሲሰበሰቡም ቡናው ከመቅረቡ በፊት ቃሉ ይሰማ። ስሙ ጤና ነውና፣ በእጃችን ለማንም ሕመም አይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።