ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስናከብር መዝገባችንንም እንይ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድሞ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለእኛም ዕድሜና ጤና ይስጠን።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ላይ የቆመ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው የሊቅ ንግግር ሳይሆን የጸሐፊ ንግግር ነው። ጸሐፊ ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፦ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው፣ በአካል ቆሞ እያየነው እንኳ እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህች ከተማችን አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ስም ያወጡላት ሴት ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንዲት ሴት የዚችው ከተማ ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ። በመካከሉ ያለውን ቁጠሩት፤ 135 ዓመት ነው። ስሙን ያወጣች እጅ ወንበሩን ለመያዝ ይህን ያህል ዘመን ጠበቀች ማለት ነው።

በዚህ በረጅሙ ዘመን መካከል በሩን ቀድመው የከፈቱ አንድ ሰው አሉ። ዛሬ ላስታውሳቸው የፈለግሁት እሳቸውን ነው፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን።

ወይዘሮ ስንዱ ለእኛ ለቀራንዮ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። ከዚህ ከምዕራብ አዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ሆለታን ስናልፍ የአዲስ ዓለም ማርያምን እናገኛለን። የተወለዱት እዚያው አዲስ ዓለም በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በውጭ አገር የተማሩና ቋንቋ አዋቂ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ሴቲቱ የከንቲባ ልጅ ናቸው። በዚያ ዘመን የከንቲባ ልጅ ወንድ ቢሆን ሹመት ይጠብቀዋል፤ ሴት ብትሆን የሚጠብቃት ጥሩ ባል ነው። እኚህ አባት ግን ልጃቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ላኩ። ወይዘሮ ስንዱም ተምረው ተመለሱ።

ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አገራችንን ወረረ። ወይዘሮ ስንዱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። በመጨረሻም ተይዘው ወደ ኢጣሊያ፣ አዚናራ ወደምትባል የግዞት ደሴት ተወሰዱ። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜያቸው ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። እኛ በዚያ ዕድሜ ላይ ያለችውን ልጃችንን ከቶር ኃይሎች ማዶ ስትመሽ በስልክ እንፈልጋታለን።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ብዙ ሴቶች ልጆችን አስተማሩ። ቴአትር ጽፈው ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አወጡ። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ ሁሉ ብቻውን ለአንድ ሰው ዕድሜ በቂ ነበር።

ከዚያ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሴትም ወንድም መራጭም ተመራጭም መሆን ቻለ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። ሕጉ ፈቀደ እንጂ ልማዱ አልፈቀደም ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለ ያደገ ሰው ነው ድምፅ የሚሰጠው። ወይዘሮ ስንዱ ተወዳደሩ፤ ተመረጡም። 210 መቀመጫ ወዳለው ምክር ቤት በምርጫ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሱ። ከዚያ በኋላ በቀድሞዋ ምዕራብ ጀርመን፣ ቦን በነበረው ኤምባሲያችን አገልግለዋል። ያረፉት በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኚህ ሴት አግብተው ነበር፤ ባለቤታቸውም አምባሳደር የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሲመረጡም፣ መጽሐፍ ሲያሳትሙም፣ ሲሞቱም ስንዱ ገብሩ ናቸው። በአገራችን ወግ ሴት ልጅ ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች። ይህ የፈረንጅ ትምህርት አይደለም፤ የራሳችን ነው። ታዲያ በእኛ መዝገብ ላይ ይህ ስም የት ሄደ?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

የዛሬ ብዙ ዓመት፣ እኔ የዕድራችን ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ፣ አንድ አባላችን አረፉ። ጡሩምባው ተነፋ፣ ቀብሩ በወጉ ተፈጸመ፣ ድንኳኑም ተነሣ። ወሩ ሲደርስ ባለቤታቸው ደብተሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መዋጮ ሊከፍሉ መጡ። መዝገቡን ገለጥኩ። የሟች ስም እስከነአያታቸው ተጽፏል። ከሥሩ «ባለቤት» ይላል። ስም የለውም። ያንን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በቦታው ከነበርነው አንዱ፣ «አባሉ ሞተዋል፤ እሳቸው እንደ አዲስ ይመዝገቡና የመመዝገቢያ ይክፈሉ» አለ። ሴትዮዋ አልተከራከሩም። «እኔ ነኝኮ በየወሩ ይዤ የምመጣው» ብቻ አሉ። እውነታቸውን ነው። ደረሰኝ የምቆርጥላቸው እኔ ነበርኩ። እጃቸውን አውቀዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አላውቀውም ነበር። ስማቸውን የጠየቅኋቸው ያን ቀን ነው።

መመዝገቢያውን ከፈሉ። እኔም ተቀብዬ ደረሰኝ ቆረጥኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ደንቡ ነዋ! እስከ ዛሬ ያንን ደረሰኝ ሳስበው ይከነክነኛል።

ወገኖቼ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ለውጦ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል መሆናቸውን ደነገገ። አገሪቱ ሕጓን ቀይራለች። የእኛ መዝገብ ግን ገና 1952 ላይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመንግሥት ነገር ነው፣ ከዕድር ምን አገናኘው» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ዕድር አስተዳደር ነው እላለሁ። በ1967 ዓ.ም. የቀበሌ ማኅበራት ሲቋቋሙ ዕድር ቀድሞ ነበር። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደንብ አለው፣ ይቀጣል፣ ይመርጣል። ሰው መንግሥትን በቅርቡ የሚያየው እዚህ ነው። በዚህ በቅርቡ ቤት ሴት ወጥ ትሠራለች፣ እንጀራ ታቀርባለች፣ ለቀስተኛውን ታስተናግዳለች፤ ስለ ገንዘቡ ሲመከር ግን ከድንኳኑ ጀርባ ናት። የሴቶች ዕድር ያቋቋሙት እናቶቻችን ሒሳብ ሲጎድልባቸው ሰምተን እናውቃለን? እኔ አልሰማሁም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መዝገቡ በአዲስ ይጻፍ፤ ባልም ሚስትም በሙሉ ስማቸው፣ ከነአባታቸው ስም ይመዝገቡ። ዓይኔ ደክሟል እንጂ እጄ አልደከመም፤ መነጽሬን አድርጌ እኔው እጽፈዋለሁ፤ አበል አልጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ከባልና ከሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው ያለ ምንም አዲስ መመዝገቢያ አባልነቱ ይቀጥል።

ሦስተኛ፣ በሚመጣው የኮሚቴ ምርጫ ሴቶች ይጠቆሙ፤ ለመስተንግዶው ብቻ ሳይሆን ለገንዘብ ያዥነቱም፣ ለዳኝነቱም።

ወይዘሮ ስንዱን ማክበር በጭብጨባ ቀላል ነው። ጭብጨባ ገንዘብ አያስወጣም፣ ደንብም አያስቀይርም። እሳቸው ግን በግዞትም በምክር ቤትም በስማቸው የቆሙ ሰው ናቸውና፣ እኛም የምናከብራቸው የራሳችንን ሴቶች ስም በመጻፍ ቢሆን ይሻላል።

ያቺ እናት ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከዚህ ጉባኤ መካከል ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸው ያውቁታል። እናቴ፣ በጉባኤው ፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እግዚአብሔር ዕድራችንን ይጠብቅልን።