የፈቃድ ወረቀት ስንት ያወጣል?



በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር ሕግና ተቆጣጣሪ ያስፈለገው ሰው ስለተበደለ ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ አካባቢ፣ ቂጥኝ የነበረባቸው ድሃ ጥቁር ወንዶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 ያለ ሕክምና የበሽታው መጨረሻ ሲታይባቸው ኖረዋል። ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው የአገሪቱ መንግሥት ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት ከቁጥጥር ነፃ ይሁን የሚል ሰው ይህን ታሪክ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቁጥጥሩ የሚያስከፍለው ዋጋ ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል ወይ?

የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣው፣ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመድኃኒት ሙከራ መመሪያ ጥሩ ማሳያ ነው። አዲስ መድኃኒት ለገበያ የሚያዘጋጅ ኩባንያና ለአሥርት ዓመታት ሲታዘዝ የኖረን ርካሽ መድኃኒት የሚመረምር ዩኒቨርሲቲ ከሞላ ጎደል እኩል ሰነድ እንዲያቀርቡ ተገደዱ። ኩባንያው ወጪውን ከሽያጭ ይመልሳል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የሚሸጠው ነገር ስለሌለው ለታማሚ የታሰበው በጀት ለቅጽ ይውላል። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በ2012 እንዳመነው፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የጥናት ባለቤቶች አስተዳደራዊ ወጪ በ98 በመቶ አድጓል፤ አንድን ሙከራ ለማስጀመር የሚፈጀው ጊዜም በ90 በመቶ ተራዝሞ በአማካይ 152 ቀን ደርሷል። በ2007 ከ5,000 በላይ የነበረው የሙከራ ማመልከቻ በ2011 ወደ 3,800 ወርዷል። ለዚህ መመሪያው ብቻውን አይጠየቅም፤ ከተጠያቂነት ግን አያመልጥም።

የዘገየ ጥናት ሰው ይገድላል። ይህ ማጋነን አይደለም። ሐኪሞች ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ሰዎች ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ የመድኃኒት ወገን ከ30 ዓመታት በላይ ሲሰጡ ኖረዋል። ለሁሉም ለመስጠት የማንም ፈቃድ አላስፈለጋቸውም፤ ለግማሾቹ ሰጥቶ ውጤቱን ለማነጻጸር ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትና የሰነድ ክምር ፈተና መታለፍ ነበረበት። በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ የተካሄደው ክራሽ የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ታማሚዎችን መዝግቦ በ2004 ያወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 21.1 በመቶው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው የሞቱት 17.9 በመቶ ነበሩ።

በማርች 2020 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሪከቨሪ የተባለውን የኮቪድ ጥናት አቅደው በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ታማሚ መዘገቡ። ፈቃድ ሰጪዎቹ አልተዘለሉም፤ የታማሚዎችን ስምምነት መጠየቁም አልቀረም። የቀነሰው የቅጹ ርዝመትና ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። በጁን፣ በዚሁ ጥናት ርካሹ መድኃኒት ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ታማሚዎችን ሞት በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ ታወቀ። ይህም ኮርቲኮስቴሮይድ ነው፤ በአንዱ ሕመም የገደለው የመድኃኒት ወገን በሌላው አዳነ። ሁለቱንም ያለ ጥናት ማወቅ የሚችል ሐኪም አልነበረም።

ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ለሁሉም አባል አገሮች አንድ የማመልከቻ በር ከፍቷል፤ አደጋቸው አነስተኛ ለሆኑ ሙከራዎችም ቀለል ያለ ክትትል ፈቅዷል። የሚቀረው፣ ተቆጣጣሪዎች እያንዳንዱን ማመልከቻ ስንት ቀን እንዳቆዩት፣ ገንዘብ ሰጪዎችም ከበጀቱ ስንት እጁ ለፈቃድ እንደወጣ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ማስገደድ ነው።