የእብናት ጢስና የጋዜጠኛ ደኅንነት



መሐንዲስ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ሳያቆም ግድብን ለአገልግሎት አያበቃም። መለኪያው ክፉ ነገር አሳየ ተብሎ ቢሰበር፣ የሚቀረው ማስጠንቀቂያው እንጂ ጎርፉ አይደለም። በሕዝብ ኑሮ ውስጥ የጋዜጠኛም ተግባር ከዚህ የራቀ አይደለም። የፕሬስ ነፃነት የመብት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ መሆኑን የእብናት ታሪክ ያስረዳል።

በ1977 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር በእብናት፣ በረኃብ የተፈናቀሉ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ መጠለያ ተሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር እነዚህ ወገኖች በግዳጅ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቻቸውም በእሳት ጋዩ። ድርጊቱን ለዓለም ያሰሙት በሥፍራው የነበሩ የውጭ አገር የዕርዳታ ሠራተኞችና የባዕድ ዜና ማሠራጫዎች ነበሩ። መንግሥትም ከዚህ በኋላ ጥፋቱን በአካባቢው ሹማምንት ላይ አላከከ። ከእብናት በስተ ምዕራብ የምትገኘው ከተማ አዲስ ዘመን ትባላለች፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ ግን በዚያን ጊዜ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በቅድመ ምርመራ ሥር ነበረ።

ለምን ኢትዮጵያዊ ብዕር ቀድሞ አልደረሰም? የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረው በዓሉ ግርማ፣ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለዱን ካሳተመ በኋላ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የእብናት መጠለያ ሲቃጠል ይህ ከሆነ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነበር። አንድ ጸሐፊ ሲጠፋ የብዙዎች ብዕር ይደርቃል።

ወሬው በጊዜ ሲደርስ የሚሆነውም በዚያው ዓመት ታይቷል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቦርክና ኬንያዊው ካሜራ ሠሪ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ የዓለም ሕዝብ ለዕርዳታ ተነሣ። ይሁን እንጂ ሙያው ዋጋ ያስከፍላል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አሚን ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም ሞተ።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ ነፃ ፕሬስና ዲሞክራሲ ባለበት አገር ታላቅ ረኃብ እንዳልደረሰ አስተምረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ዳሩ ግን ዘጋቢው ያየውን ጽፎ በሰላም ወደ ቤቱ ካልተመለሰ አንቀጹ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዓለም ዙሪያም ጋዜጠኞችን የሚገድሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሳይቀጡ ይቀራሉ።

የመሐንዲስም ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ስለ ድልድዩ ስንጥቅ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ መድረቅ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ባለሙያ መለኪያውን ከሚሰብረው ሰው አይለይም። የተመዘገበውን ቁጥር በግልጽ የሚሰጥና የጠያቂውን ደኅንነት የራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚቆም ግን ከግድቡ በታች ላሉት ሁሉ ይተርፋል።