የመልአኩ ራስና የአርማታው ጣሪያ፤ ከሁለት ቀን የሬምስ ጉዞ የተገኘ ትምህርት



ለብዙ ዓመታት በዚህ ፋካልቲ ሳስተምር «ቅርስ ሲታደስ በቀድሞው ቁስ፣ በቀድሞው መልክ ይሁን» እያልኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ይህን አቋሜን ስላናወጠ አጭር የባቡር ጉዞ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ለስብሰባ ፓሪስ ሄጄ ሳለሁ ሁለት ቀን ተረፈኝ። ጋር ደ ሌስት ከተባለው ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ተሳፍሬ በ45 ደቂቃ ያህል ሬምስ ገባሁ። ጣቢያው ከከተማዪቱ መሐል ስለሆነ ወደ ካቴድራሉ በእግሬ አመራሁ።

ላይ የጓጓሁት 13ኛውን ክፍለ ዘመን ነበር። የካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው በ1211 ነው፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ሲነግሡ የኖሩት በዚህች ከተማ ነው፤ ዣን ዳርክም በ1429 ቻርልስ ሰባተኛን ለዘውዱ ያደረሰችው እዚሁ ነው። በግራው መግቢያ በር ዘንድ ፈገግ ብሎ የቆመውን ዝነኛ የድንጋይ መልአክ ቀና ብዬ ሳደንቅ፣ አስጎብኚዋ «ይህ ራስ ወድቆ ተሰብሮ ነበር» አለችን።

በሴፕቴምበር 1914 የጀርመን መድፍ ካቴድራሉን መታ። ለጥገና ቆሞ የነበረው የእንጨት መወጣጫ በእሳት ተያያዘ፤ ነበልባሉ ወደ ጣሪያው እንጨት ተሻገረ፤ የእርሳስ ክዳኑም ቀለጠ። የመልአኩ ራስ ወድቆ ተሰባበረ። ስብርባሪው ተለቅሞ ተቀመጠ፤ ቀደም ሲል ከሐውልቱ የተወሰደ የቅርጽ ቅጂ እየታየም ተጠግኖ በ1926 ወደ ቦታው ተመለሰ።

እድሳቱን የመራው የሬምስ ተወላጁ አርክቴክት አንሪ ዴኑ ነበር። እርሱ ግን ጣሪያውን በእንጨት አልመለሰውም። አስቀድመው የተሠሩ አጫጭር የአርማታ ቁራጮችን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ጠራቢዎች ብልሃት እያገጣጠመ አዋቀረው። አሜሪካዊው ባለጸጋ ሮክፌለር ገንዘብ ረዳ፤ ካቴድራሉም በ1938 እንደገና ተከፈተ።

ይህን ጣሪያ ወጥቼ ሳየው መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከውጭ የጥንቱ መስሎ ከውስጥ አርማታ መሆኑን እንደ ማታለል ቆጠርሁት። ጥቂት ቆይቼ ሳስበው ግን ዴኑ ከጥንቶቹ የወረሰው እንጨቱን ሳይሆን አሠራሩን መሆኑ ገባኝ፤ እሳቱ ያስተማረውንም አልዘነጋም።

በማግስቱ ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። በምሥራቁ ጫፍ ባለው ጸሎት ቤት በ1974 የተተከሉት የማርክ ሻጋል መስኮቶች በሰማያዊ ብርሃን ያበራሉ። ከነርሱ ግራና ቀኝ ደግሞ፣ የተሰባበረ መስተዋት የሚመስሉ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መስኮቶች አሉ። በ2011 የተመረቁ ናቸው፤ ሠዓሊው ኢሚ ክኖቤል ጀርመናዊ ነው። ካቴድራሉን ካቃጠለው አገር የመጣ ሰው፣ እዚያው መስኮት እንዲሠራ ተጠራ። ደጎልና አደናወር በ1962 በዚሁ ካቴድራል አብረው ቅዳሴ ባይሰሙ ኖሮ ይህ ግብዣ ይታሰብ ነበር ብዬ አላምንም።

ይህን ስል በጥንት ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ይለሰን ማለቴ አይደለም። ሲሚንቶ እርጥበት አፍኖ ስንቱን ድንጋይ እንዳበላሸ እናውቃለን። ዴኑ አርማታን የመረጠው እንጨቱ ፈጽሞ በጠፋበት ቦታ ነው፤ የተረፈውን የመልአኩን ድንጋይ ግን ከነስብራቱ መልሰው ገጥመውታል። የተረፈውን ማክበርና የጠፋውን መተካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኔ ለዓመታት አንድ አድርጌ አስተምሬአቸዋለሁ።

እንግዲህ ነገ አንድ የተጎዳ ቅርስ በእጃችሁ ሲገባ «ቁሱ ያው ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «የትኛው ተረፈ? የትኛው ጠፋ? ሥራችንስ ይህን ይናገራል ወይስ ይሸፍናል?» በሉ። ያ መልአክ ዛሬም ፈገግ ይላል፤ ታሪኩን ካወቅሁ ወዲህ ግን ፈገግታው ለእኔ ከቀድሞው የከበደ ነው።