ሞራና የደም ሥር



በአገራችን ቦርጭ የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ብለን እናመሰግነዋለን። ዛሬ የምንናገረው ይህ ምስጋና ስለሚሸፍነው ጉዳት ነው።

ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጡ ጥናቶች ውፍረት ሲበዛ ነጭ የደም ሕዋሳት በስቡ ውስጥ እንደሚከማቹ አሳዩ። ጠላት ሳይኖር እንደሚተኩስ ዘብ ናቸው፤ የሚረጩት ንጥረ ነገር በደም ተጉዞ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል። ሥሩን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ያንሳል፤ ሥሩ ይደድራል፤ ኮሌስትሮልም በግድግዳው ይጋገራል።

ይልቁንም የሚያሰጋው፣ በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው ዓይነት ሞራ ነው። ስለዚህ ከሚዛን ጋራ የልብስ ሰፊ ሜትር ያስፈልገናል፤ ወገብ ይለካ!

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ከ10,000 በሚበልጡ የልብ ሕሙማን ላይ የተፈተነ መድኃኒት፣ ኮሌስትሮልን ሳይቀንስ መቆጣቱን ብቻ በማብረድ፣ የልብ አደጋ እንዳይደገም ረዳ፤ ነገር ግን ሰውነትን ለሌላ ተላላፊ በሽታ አጋለጠ። በእግር መሄድ ግን ክብደት ባይቀንስም እንኳ ሞራውን ሊያሳንስ ይችላል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፤ በወፈረ ሰው አንሳቅ፤ ቦርጩንም አናመስግንለት፤ አብረነው እንሂድ።